ባር ባር ሲለን፦ ባዶነትና ያላወቅነው ነገር ለምን ያስፈራናል?

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይቺን ሰዓት ያውቃታል። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሱቁ ተዘግቷል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ቆሟል፣ ከዚራ ሰፈር ያሉት ትልልቅ ዛፎች ቅጠላቸው እንኳ አይነቃነቅም፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ወይ ጋደም ብሏል ወይ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል። ከተማው ጭር ይላል። ለብዙ ሰው የዕረፍት ሰዓት ነው። ለእኔ ግን ለዓመታት የቀኑ ከባድ ሰዓት ይሄ ነበር። ምንም ሳይጎድልብኝ፣ ከማንም ሳልጣላ፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

ሐዘን ምክንያት አለው፣ ንዴትም የተናደዱበት ሰው አለው። ባር ባር ማለት ግን ምክንያቱን ልያዝህ ሲሉት እጅ ላይ የማይገባ ስሜት ነው። ቤቱ ሲጎድል፣ እንግዳ ሸኝተን ስንመለስ፣ ሥራ ሲያልቅ፣ የነገው ነገር አልለይ ሲለን ይመጣል። ባዶነትን መፍራትና ያላወቁትን መፍራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር። ስለ ጉዳዩ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ገብቶኛል። ዛሬ ያንን ቀለል አድርጌ ላስረዳችሁ።

ከቬንቲሌተር ልጀምር። በሙቀቱ ወራት እኛ ሰፈር ቬንቲሌተር ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። ድምፁ ቀላል አይደለም፤ ግን ማንንም አይቀሰቅስም። ከዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ቬንቲሌተሩ ይቆማል። ወዲያው ብድግ ትላላችሁ። ላብ እንኳ ገና አልጀመራችሁም። ምን ቀሰቀሳችሁ? የተሰማ ድምፅ የለም። የቀሰቀሳችሁ ዝምታው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አእምሯችን እንደ ካሜራ የመጣውን ብቻ እየተቀበለ የሚኖር አይደለም። ቀድሞ ይገምታል። ቀጥሎ ምን ይሰማል፣ ምን ይታያል፣ ማን ይመጣል እያለ ሳናውቀው ሲገምት ይውላል፣ ተኝተንም ይገምታል። ግምቱ ከሆነው ነገር ጋር ሲገጥም ዝም ይላል፣ እኛም ሰላም ነን። ግምቱ ሲፈርስ ደግሞ ይነቃል፤ «ምን ተፈጠረ?» ይላል። የቬንቲሌተሩ ድምፅ ይቀጥላል ብሎ ገምቶ ነበር። ድምፁ ቀረ። ስለዚህ ለአእምሮ የአንድ ነገር መጥፋት ራሱ ዜና ነው። ባዶ ቦታ ማለት ግምት የሚይዘው ነገር ያጣበት ቦታ ማለት ነው።

ጭንቅላታችን ውስጥ፣ በግራና በቀኝ፣ አሚግዳላ የሚባሉ የለውዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ክፍሎች አሉ። ፍርሃት ላይ ትልቅ ሥራ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችንና አይጦችን ምንም ጉዳት የሌለው ተራ ድምፅ አሰማ። ድምፁ በእኩል ልዩነት ሲመጣ አሚግዳላ ቶሎ ለመደው። መቼ እንደሚመጣ እንዳይታወቅ ልዩነቱ ሲዘበራረቅ ግን አሚግዳላ ሥራውን አላቆመም፣ አይጦቹም ሰዎቹም የጭንቀት ምልክት አሳዩ። ልብ በሉ፣ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ያው ድምፅ ነው። ያስጨነቃቸው መቼ እንደሚመጣ አለማወቃቸው ነው።

አሁን ወደዚያች ከሰዓት ልመለስ። ሰው ባዶ ሰዓት ሲሰጠው ምን ያደርጋል? በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት ስለዚህ ነው። ሰዎችን አንድ በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀመጧቸው። ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ከራስ ሐሳብ ጋር መቀመጥ ብቻ። ክፍሉ ውስጥ ግን አንድ ቁልፍ አለ፤ ሲነኩት ኤሌክትሪክ ይነዝራል። ንዝረቱን ቀድመው ቀምሰውታል፣ እንዳይደገምብን ገንዘብ እንከፍላለን ብለው ነበር። ሆኖም ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ በዚያች 15 ደቂቃ ውስጥ ራሳቸውን በገዛ እጃቸው አስነዘሩ። መጀመሪያ ሳነበው ማመን አቅቶኝ ነበር። በኋላ የራሴን ከሰዓት አስታወስኩ፣ ስልኬን በደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንደማነሳውና እንደማስቀምጠው። ባዶውን ከመቀመጥ ሕመም የሚመርጥ ሰው ብርቅ አይደለም።

እኛ ጋ ይቺን ባዶ ሰዓት ጫት ይሞላታል። እዚህ ላይ ማንንም መውቀስ አልፈልግም፣ እኔም ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ግን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ጥሩ ነው። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር አለ፣ አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል የሚያነሳሳ ኬሚካል እንዲረጭ ያደርጋል። ምርቃናው ሲመጣ ባዶው ሁሉ ይሞላል፣ ዕቅዱ ይበዛል፣ የማይሠራ ነገር አይኖርም። ማታ ላይ ሲወርድ ደግሞ ቀድሞ የነበረው ባር ባር ብቻውን አይመለስም፣ ድብርቱን ይዞ ይመጣል። ያላመነ ሰው ጫት ያቆመ ጓደኛውን ስለ ዱካክ ይጠይቀው፤ ተኝቶ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስለዋል። ባዶውን በብድር የሞላነው ጊዜ ወለዱን እኛው ነን የምንከፍለው።

በነገራችን ላይ፣ ባዶ ነገርን ተፈጥሮ ራሷ ትሸሸዋለች ተብሎ ከአርስቶትል ጀምሮ ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሲታመን ኖሯል። በቀሰም ሲመጥጡት ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው ባዶው ስለሚስበው ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1643 የጣሊያኑ ቶሪቼሊ ሙከራ ይህንን ገለበጠው። ሜርኩሪ የሞላ የመስታወት ቱቦ ሜርኩሪ በያዘ ሣህን ላይ ሲደፋ ፈሳሹ 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቆመ፣ ከላዩ ባዶ ቦታ ቀረ። ፈሳሹን ይዞ ያቆመው ከውጭ ያለው አየር ክብደቱን ሣህኑ ላይ ጭኖ ስለሚገፋ ነው። ባዶው አንዳች የመሳብ ኃይል አልነበረውም። ባር ባር ሲለኝ ይሄ ሙከራ ትዝ ይለኛል፤ የሚስበኝ የመሰለኝ ባዶ ቤት ሳይሆን ከእኔ ወገን የሚገፋ ነገር እንዳለ አስባለሁ። የሚገፋው ያው ገማቹ አእምሮ ነው። የሚገምተው ሲያጣ ከራሱ አውጥቶ ይሞላል፣ ሲሞላ ደግሞ ክፉውን ያስቀድማል። ኦና ቤት ጂኒ አለበት የምንለው ለምን ይመስላችኋል? ሰው ያለበት ቤት ውስጥ በር ሲንቋቋ ንፋስ ነው፣ ኦና ቤት ውስጥ ሲንቋቋ ግን ሌላ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልጅ፣ ወደማይታወቀው ልሂድ። «ከማታውቀው መልአክ የምታውቀው ሰይጣን ይሻላል» እንላለን። ስንናገረው ምክር ይመስላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሰው አእምሮ እንዴት እንደተሠራ ነው የሚናገረው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይሄንኑ ለክተውታል። 45 ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ጨዋታ ተጫወቱ። ድንጋይ ይታያቸዋል፣ ሥሩ እባብ አለ ወይስ የለም ብለው ይገምታሉ። እባብ ካለ እጃቸው ላይ የሚያም ንዝረት ይመጣል። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ይለካል፣ ምን ያህል እንደተጨነቁም ይጠየቃሉ። ከሁሉ የበለጠ የተጨነቁት መቼ ነው? እባብ መኖሩ ሃምሳ በሃምሳ ሲሆን። ንዝረቱ እንደማይቀርላቸው በእርግጠኝነት ሲያውቁ ጭንቀታቸው ከዚያ ያነሰ ነበር። ሕመሙን ማወቅ ሕመሙን ከመጠራጠር ቀለል ይላል ማለት ነው።

ይሄን ያነበብኩት አባቴ ከታመመ በኋላ ነው። አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ፣ ናሙና ተወሰደለት፣ ውጤቱ በ3 ቀን ይደርሳል ተባለ፣ ሳይደርስ 9 ቀን ሆነው። በእነዚያ 9 ቀናት አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። እህል አይወስድ። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የመቁጠሪያ ያህል የበሩን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። «ቁርጤን ቢነግሩኝ ምናለበት» ይላል፤ ሌላ ወሬ የለውም። በ9ኛው ቀን ውጤቱ መጣ፣ ጥሩ አልነበረም፣ ሕክምናው ረጅም እንደሆነ ተነገረን። እኛ ስናለቅስ እሱ ምሳ አዘዘ። ያን ዕለት ከሰዓት፣ በዚያች ጭር ባለች ሰዓት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛ። ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ይገባኛል። ቁርጥ የሚለው ቃል ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ የተንጠለጠለውን ነገር ይቆርጠዋል። ክፉ ወሬ እንኳ ቢሆን የሚይዙት ነገር ነው፤ ምን ይደረጋል ብሎ መነሳት ይቻላል።

እንግዲህ አእምሮ ይሄን ያህል የሚያስቸግረን ከሆነ ለምን እንዲህ ተሠራ? ለዚህ መልስ ወደ ደቻቱ እንውረድ።

ለማያውቅ ሰው፣ ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ ስላችሁ ግን ውሃ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ባዶ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደጋው ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፤ ሰው በተኛበት፣ በእኩለ ሌሊት፣ ያ ባዶ አሸዋ በጎርፍ ሞልቶ ዳርና ዳሩን ይዞ ሄደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። እኛ ሰፈር ከዚያ ወዲህ «ባዶ ነው፣ ምን ያስፈራል» የሚል ሰው አላየሁም።

ራንዶልፍ ነሲ የሚባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ይሄን ነገር በጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ይመስሉታል። መሣሪያው ዳቦ ሲያር ይጮኻል፣ ያናድዳል፤ ግን አንድ ቀን ቤት ሲቃጠል ዝም ከሚል በከንቱ አሥር ጊዜ ቢጮህ ይሻላል። ፍርሃትም እንደዚያው ነው። የደቻቱ ዳር ሰው ዘጠኝ ሌሊቶች በከንቱ ከእንቅልፉ ቢነሳ የሚያጣው እንቅልፍ ነው። በአሥረኛው ባይነሳ ግን የሚያጣው ሌላ ነው። ስለዚህ ባዶውንና ያልታወቀውን የሚጠራጠር አእምሮ ያለን የተበላሸን ስለሆንን አይደለም። ሲጠራጠሩ በሕይወት የተረፉ ሰዎች ልጆች ስለሆንን ነው። ባር ባር ሲለው የሚያፍር ወጣት ሳይ ይሄን ብነግረው ደስ ይለኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ጩኸቱ መቆሚያ ሲያጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካናዳዋ ኩቤክ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ብዙ የሚጨነቁ ሰዎችን ከሌላው የሚለያቸው የችግራቸው ብዛት ብቻ እንዳልሆነ አስተዋሉ። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል መሸከም ይከብዳቸዋል። አንድ በመቶ ምናልባት እንኳ ለእነሱ ትልቅ ነው። ስለዚህ ይጠይቃሉ፣ ደግመው ይጠይቃሉ፣ በሩን ይፈትሻሉ፣ የላኩትን መልእክት መልሰው ያነባሉ፣ «ደረስክ ወይ» ብለው አምስት ጊዜ ይደውላሉ። መፈተሽ ለጊዜው ያሳርፋል። ቆይቶ ግን አእምሮው «ያልፈተሽኩ ቀን ምን ይውጠኝ ነበር» ብሎ ይማራል፣ ምናልባትን የመሸከም ጉልበቱ ይበልጥ ይሟሽሻል።

ሁለት ዓይነት መፈተሽ እንዳለ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከግቢያችን ነው። ሁላችንም እማዬ የምንላቸው ትልቅ እናት አሉን። ያን ሌሊት ከጎርፉ የተረፉ ናቸው። ክረምት ሲገባ ማታ ማታ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ደጅ ይወጣሉ፣ ፊታቸውን ወደ ደንገጎ ተራራ ያዞራሉ፣ ይቆማሉ። ደመናውን ያያሉ፣ መብረቅ ይጠብቃሉ። ተራራው ላይ ካበረቀ ፍራሹን ይጠቀልላሉ፣ ልጆቹን ያነቃሉ፣ ሻይ ያፈላሉ፣ ማንም አይተኛም። ካላበረቀ «አቦ ግቡ ተኙ» ይሉናል፣ ራሳቸውም ይተኛሉ። እንዲህ ነው መፈተሽ። ጥያቄው መልስ አለው፣ መልሱም የሚገኝበት ቦታ ይታወቃል፣ ካዩ በኋላ ያበቃል። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ስለ አባቴ በሽታ በሌሊት ስልኬ ላይ እፈልግ ነበር። የማገኘው መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፣ ሲነጋም እዚያው ነኝ። አሁን ፍርሃት ሲይዘኝ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ደንገጎን እንደማየት ነው ወይስ ስልክ ላይ እንደማፍጠጥ?

መልስ ለሌለው ዓይነት ምን ይደረጋል? ትንሽ ትንሽ አለማወቅን መለማመድ። ምን ማለት እንደሆነ ሐረር ላይ አይቻለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴን ልጅ ይዤ በደንገጎ ወጥተን ሄድን፣ ማታ ላይ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ወደሚበላበት ቦታ ወሰድኳት። የባጃጁ መብራት በርቷል። ከብርሃኑ ማዶ ጨለማ ነው፣ ጨለማው ውስጥ ዓይኖች ብቻ ይታያሉ። እጄን እንዴት አድርጋ እንደያዘችኝ! ጅቡን የሚያበላው ሰው ሥጋ የተንጠለጠለበት አጭር እንጨት ሰጣት። የመጀመሪያው ጅብ ሲመጣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሥጋው ተወሰደ፣ ጮኸች። ሁለተኛው ላይ ዓይኗን ከፈተች። አራተኛው ላይ «ይሄኛው ጆሮው ተቆርጧል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ጅቡ አልተለወጠም። አእምሮዋ «ይነክሰኛል» ብሎ ገምቶ ነበር፣ ግምቱ አራት ጊዜ ፈረሰ፣ ስለዚህ አሻሻለው። ጆሮውን ለማየት ቦታ አገኘች። «አትፍሪ፣ ምንም አይልም» ብዬ መንገዱን ሙሉ ስሰብካት ነበር፣ አንዱም አልሠራም። ስብከት ግምትን አይቀይርም፤ የሚቀይረው የሆነው ነገር ነው።

የጭንቀት ሕክምናም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ባለሙያው ትንንሽ ምናልባቶችን እንድትሞክሩ ያደርጋል። መልእክቱን መልሳችሁ ሳታነቡ ላኩት። አንድ ቀን «ደረስክ ወይ» ሳትሉ ቆዩ። የማታውቁትን ምግብ እዘዙ። ከዚያ የፈራችሁትንና የሆነውን ጻፉና አስተያዩ። እኔ የመረጥኩት ያቺን 7 ሰዓት ተኩል ነበር። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ለ10 ደቂቃ በረንዳ ላይ መቀመጥ። የመጀመሪያው ሳምንት እግሬ ብቻውን ይነሳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጭር ያለ የመሰለኝ ሰፈር ድምፅ እንዳለው ሰማሁ። የጎረቤት ሙቀጫ፣ ቆርቆሮው ላይ የምትንጠራወዝ ርግብ፣ ከሩቅ የሕፃን ለቅሶ። ባር ባሩ ዛሬም ይመጣል። ግን ይመጣና ይሄዳል።

ለወራት አላስተኛ፣ አላሠራ ካለ ግን ይሄ የበረንዳ ልምምድ አይበቃውም፤ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል፣ ሕክምናውም ይሠራል። ይሄን ስል ከልቤ ነው። ሰው ለወባ ሄዶ ለዚህ የማይሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይከብደኛል። ድሬዳዋ የጅቡቲ መንገድ ናት። ብዙ ልጅ በዚህ አልፎ የጅቡቲ የባሕር ዳር ከተማ ወደሆነችው ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ይሄዳል። አንዳንዱ ይደውላል። አንዳንዱ ደግሞ አይደውልም። ፖሊን ቦስ የሚባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ስም ሰጡት፤ ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት ልንለው እንችላለን። ሬሳ የለም፣ ቀብር የለም፣ ድንኳን አይተከልም። ዕድሩ አይመጣም፣ ምን ብሎ ይመጣል? ሞቷል ቢሉ ክህደት ይመስላል፣ አለ ቢሉ ልብ አያርፍም። ሰው የጠፋውን ልጅ እናት «በቃ እርምሽን አውጪ» ሲላት ወይ «አይዞሽ ይመጣል» ሲላት ሁለቱም የማያውቀውን ነው የሚላት። ቦስ እንደሚሉት እዚህ ላይ ቁርጥ መፈለግ ራሱ ያደክማል። የሚሻለው ሁለቱን ሐሳብ ባንድ ላይ መያዝን መማር ነው፤ ምናልባት የለም፣ ምናልባትም አለ፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ቡና አፈላለሁ።

እማዬ ልጃቸው በጅቡቲ መንገድ ከሄደ 9 ዓመት ሆነው። የመጨረሻው ስልክ የመጣው ከኦቦክ ነው። ስለ እሱ ሲያወሩ «ነበር» እና «ነው» ይቀላቀልባቸዋል። ባለፈው ቡና እየቀዱልኝ «እሱ ስኳር የበዛበት አይወድም ነበር» አሉና ትንሽ ቆይተው፣ ሲኒውን ሳያስቀምጡ፣ «አይወድም» አሉ። እኔም «አዎ፣ አይወድም» አልኳቸው።

ማታ ደጅ ወጥተው ደንገጎን አዩ። አላበረቀም። «ተኙ» አሉን። ስልካቸውን ድምፁን ከፍ አድርገው ትራሳቸው ሥር አደረጉት። ቀፎው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ሲም ካርዱ ግን ያው የድሮው ነው፤ ልጁ የሚያውቀው ቁጥር ያ ብቻ ነው።